ዘይት የጠጣችው ፉርጎ

ሰው ወገቡን በመጎዳቱ ያመሰግናል? እኔ አመሰግናለሁ። በዚያን ሰሞን ግን ደፍሮ "ተመስገን በል" ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እንጃለት። መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለና እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ሐኪሙ "ከባድ ነገር እንዳታነሳ፤ ዕረፍ" ብሎ ወደ ቤቴ ሰደደኝ። ዕረፍ ማለት ለእሱ ቀላል ነው። እዚህ ካናዳ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ አፓርትመንት ውስጥ፣ ውጭው በረዶ ሆኖ፣ ከአማትህ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠህ ዋል ሲሉህ ግን ዕረፍት ሳይሆን ሁለተኛ ሥራ ነው።

አማቴን እንዳታሙብኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ባለቤቴ ስፖንሰር አድርጋ ያመጣቻቸው፣ እጃቸው ሥራ ከፈታ የሚያማቸው፣ ዝምተኛ እናት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። ችግሩ እኔ ነኝ። ቶሎ ቱግ እላለሁ፤ ቶሎም ይበርድልኛል፤ ሰው የሚያስቸግረው በመሃል ያለው ጊዜ ነው። አማት ላይ ደግሞ አይጮኽም። ስለዚህ ንዴቴን እንደ ትኩስ ድንች አፌ ውስጥ እያገላበጥኩ እውላለሁ። እሳቸው ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተው ያያሉ፣ እኔ ደግሞ ድምፅ በሌለው ቴሌቪዥን እበግናለሁ።

ባለቤቴ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ "ሪሞቱን ማን አነሳው፣ ይሄን ወጥ ጨው ማን አበዛበት" እያልኩ ስነጫነጭ ደረሰች። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ የሚሠራ ነገር ፈልግ፣ ወይ በረንዳ ላይ ውጣና በረዶውን ተቆጣው" አለችኝ። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሳቁ። ብሽቅ ብዬ ጃኬቴን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ኤለቬተሩ ሲከፈት ከእኛ በር ጥቂት አለፍ ብሎ የሚኖረው ነጭ ሽማግሌ ቆሟል። ለዓመታት "ሃይ" ከመባባል አልፈን አናውቅም። በእቅፉ ቀጫጭን እንጨት ይዟል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሊወጣ አንድ እርምጃ ሲራመድ እንጨቱ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጎንበስ ማለት ተከልክያለሁ፤ ግን የሰው ልጅ ነኝ፣ ተንበርክኬ ለቀምኩለት። የገለባ ያህል ቀላል ነበር። እስከ ቤቱ ይዤለት ገባሁ።

ቤቱ ስገባ ክው ነው ያልኩት። መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ባቡር፣ ፍሪጁ ላይ ባቡር፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ባቡር። ሁሉም ከእንጨት የተሠሩ፣ ከክንድ የሚያንሱ ፉርጎዎች ናቸው። የዕቃ መጫኛ አለ፣ የከብት መጫኛ አለ፣ መስኮታቸው መስታወት የገባላቸው የሰው ማጓጓዣዎች አሉ። በራቸው ይከፈታል፣ ጎማቸው ይሽከረከራል። "ማን ነው የሠራቸው?" አልኩት። "እኔና ሚስቴ" አለ። "እኔ እቆርጣለሁ፣ እገጣጥማለሁ፤ እሷ ትቀባለች።" ወዲያው ራሱን አርሞ "ትቀባ ነበር" አለ። ሞታለች ማለቱ ነው።

ዕድሜው የአባቴ ነው፤ በአማርኛ ቢሆን አንቱ ነበር የምለው። ግን በእንግሊዝኛ ተዋውቀን በእንግሊዝኛ ተላምደን አንተ ሆኖ ቀረ። እማማ ደግሞ "የባቡሩ ሰውዬ" ነው የሚሉት።

መስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ፊት አንዲት የእንጨት ወንበር አለች። መደገፊያዋ ላይ ቀለም የነጠበባት ሽርጥ ተንጠልጥላለች። ወገቤን ላሳርፍ ብዬ ልቀመጥባት ስል "ኖ፣ ኖ፣ እዚያ አይሆንም" አለና የፕላስቲክ ሣጥን ገልብጦ ሰጠኝ። ወገቡን ለታመመ ሰው ሣጥን! ውስጤ ጨሰ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ወንበሯ ሚስቱ የምትቀባባት ወንበር ናት፣ ሽርጧም የእሷ ናት። ከሞተች ወዲህ ማንም አልተቀመጠባትም። እሱ ራሱ እንኳ ቆሞ ነው የሚሠራው።

በማግስቱ ተመለስኩ፣ በሳልስቱም ተመለስኩ። ምን ልሠራ? ሌላ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። እሱም የሚቀባ እጅ የለውም። መጀመሪያ ያስተማረኝ ግን መቀባት ሳይሆን አለመቀባትን ነው።

እንጨት ራቁቱን ሲሆን ቀለም ይጠጣል። ዝም ብለህ ከቀባኸው ፀጉሩ ይቆማል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ያልተላጨ አገጭ ይመስላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ታሸዋለህ፣ ያውም በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ብቻ። አቧራውን ትጠርጋለህ። ቀጥሎ በስስ ጎማላካ ትቀባዋለህ፤ የኛ አናጢዎች ወንበርና ቁም ሣጥን የሚያብረቀርቁበት ያው ጎማላካ ነው። ሲደርቅ ፀጉሩ ይቆማል፣ እንደገና ታሸዋለህ። የተሰነጠቀ ካለ በስቱኮ ትደፍናለህ፣ አሁንም ታሸዋለህ። ጣትህ ሲሄድበት ምንም ሳይዘው ሲንሸራተት ያኔ ገና ለቀለም ደረሰ ይባላል። ቀለሙም ቢሆን ስስ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ስስ ነው። በወፍራሙ አንዴ ልገላገል ካልክ የበሩ እጀታና የመስኮቱ ጠርዝ ተውጦ ይቀራል።

በየመሃሉ "ይድረቅ" ይለኛል። "ደርቋል እኮ!" እላለሁ። ፉርጎውን ወደ አፍንጫው ያስጠጋና ያሸተዋል። "ገና ነው፤ ቀለም የሚሸት ከሆነ አልደረቀም።" መጠበቅ ነው። እኔ፣ አውቶቡስ ሲዘገይብኝ ፌርማታውን የምሰድብ ሰውዬ፣ እንጨት እስኪደርቅ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ መጠበቅ ለመድኩ። ቤት ስገባም ሪሞት አልፈልግም። ባለቤቴ እናቷን ወደ ጓዳ ወስዳ "ያ ሰውዬ ምን አጠጥቶብኝ ነው?" ስትል ሰማኋት።

ወገቤ እየተሻለኝ ሄዶ ቀለል ያለ ሥራ ብጀምርም ዕረፍቴን ሁሉ እሱ ጋ ነበርኩ። የከብት መጫኛውን ቡኒ ቀባሁ፣ የዕቃውን ቀይ ቀባሁ። ሲያምር አየሁና እጄ ለካ ሣጥን ከማንሳት ሌላ ነገር ያውቃል አልኩ። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ።

አንድ ቀን ከመደርደሪያው ጫፍ የጫማ ካርቶን አወረደና ከፈተው። አንዲት የሰው ማጓጓዣ ፉርጎ ናት። አንዱ ጎኗ ጥቁር አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ከመስኮቶቹ በታች እንደ ክር የቀጠነ የቅቤ ቀለም መስመር ተሰምሮበታል። ሌላው ጎኗ ራቁቱን፣ ነጭ እንጨት ነው። ሚስቱ አንዱን ጎን ጨርሳ፣ ይድረቅ ብላ አስተኝታው፣ ሆስፒታል ገብታ ሳትመለስ ቀረች። መስኮቱ ላይ የተደረደረው አረንጓዴ ባቡር በሙሉ የእሷ ሥራ ነው፤ ይህቺ መጨረሻ ላይ የምትቀጠለው ጭራው ነበረች።

የባቡር ወዳጆች ማኅበር አላቸው፤ በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ በአንድ አዳራሽ ሐዲድ ዘርግተው ለሕዝብ ያሳያሉ። እሱም ከእሷ ሞት ወዲህ አረንጓዴውን ባቡር ያለ ጭራው ነው የሚነዳው። "እጄን አየህ" አለኝ ዘርግቶ፤ ይንቀጠቀጣል። "ከርሞ ፉርጎ ሐዲድ ላይ ማስቀመጥ የምችል አይመስለኝም። ዘንድሮ ሙሉውን አንድ ጊዜ ልየው። ሌላውን ጎን አንተ ቀባልኝ።"

 የሰው ሚስት የመጨረሻ ሥራ ነው የሚሰጠኝ። "ባበላሸውስ?" አልኩ። "አታበላሸውም" አለ፣ እንዲሁ። እንዲህ አምኖኝ የሚያውቅ አለቃ አላጋጠመኝም።

አሽቼ፣ ጠርጌ፣ ነገ ጎማላካ ልቀባ ስል የሕንፃው ቧንቧ ሠራተኞች መጥተው የሰውየውን ግድግዳ በረቀሱት። ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆነ። አቧራ ላይ ቀለም አይሆንምና፣ "እስኪጨርሱ ወስደህ አስቀምጣት" አለኝ። በካርቶኗ ይዣት መጥቼ ቢፌያችን ላይ አስቀመጥኳት። "ማንም እንዳይነካት" ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ለእማማ መንገር አልታየኝም። እሳቸው የሰው ዕቃ አይነኩም።

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ፉርጎዋ ከካርቶኗ ወጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በፎጣ ላይ ተቀምጣለች። ታብረቀርቃለች! ነጩ ጎን ማር መስሏል። ቤቱ ዘይት ዘይት ይሸታል።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምስኪን፣ ደርቆ ሊሰነጠቅ ነበር እኮ" አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። "በዚህ ሂተር የሚተርፍ እንጨት አለ? ዘይት ለብ አድርጌ አጠጣሁልህ። ሦስቴ ነው የጠጣው፤ እንዴት ተጠምቶ ነበር!"

እሳቸው ምን ያድርጉ። አዲስ ገበቴ የገዛ ሰው፣ አዲስ ሙቀጫ ያስጠረበ ሰው፣ እንዳይሰነጠቅ ዘይት አጠጥቶ ነው ሥራ የሚያስጀምረው። ራቁቱን የተቀመጠ እንጨት አይተው ዝም ቢሉ ነበር የሚገርመው። ለእኔ ብለው ነው። ለብ ማድረጋቸው ግን! የሞቀ ዘይት እንጨት ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ዘይት የጠጣ እንጨት ደግሞ ቀለም አይቀበልም።

 አፌን ከፈትኩ፣ የእማማን የበራ ፊት አየሁ፣ ዘጋሁት። "እግዜር ይስጥልኝ እማማ" ብዬ ወጣሁ። ኤለቬተር አልጠበቅኩም። እስከ ምድር ቤት ድረስ በደረጃው እየረገጥኩ ወርጄ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ያለ ኮፍያ ዞርኩ። የማላውቀው መኪና ጎማ በእርግጫ መትቼ እግሬን አመመኝ። ደግ አደረገኝ።

ተመልሼ ያልተቀባ ጎኗን በቲነር ጠረግኳት። ከሆዷ በኩል በማይታይ ቦታ ጠብታ ቀለም ነካ አድርጌ ሞከርኩ። ቀለሙ ተሸብሽቦ ሸሸ፤ ዓይን ዓይን ሠርቶ ተበታተነ። ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። የሰውየው የመጨረሻ ዓመት ነው፤ ሙሉውን ባቡር አንድ ጊዜ ልይ ነው ያለው፤ እኔ ደግሞ አደራውን ጥብስ አድርጌ ልመልስለት ነው። ባለቤቴ ገብታ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ፍርፍር ብላ ሳቀች። አረንጓዴው ጎን የማን እጅ እንደሆነ ስነግራት ሳቋ ቆመ።

እማማ ከጓዳ በር ላይ ሰምተውናል። "የሟች እጅ ነው?" አሉ።  "ወይ ጉዴ! ወይኔ ጉዴ!" ደረታቸውን መቱ። አንድ ጥግ ሄደው ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀመጡ፤ እራት አልበላም አሉ።  ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ከዚያ ከነጠላው ሥር ድምፃቸው መጣ። "ሽማግሌ እንልካለን።"

"እማማ፣ ይሄ ካናዳ ነው። ነገ ሄጄ ሶሪ እለዋለሁ፤ ያልቃል።"

"ሶሪ በር ላይ ሲጋጩ ነው የሚባለው" አሉ። "የሰው ሚስት የመጨረሻ ሥራ አበላሽቼ ሶሪ? ሽማግሌ ይገባል፣ እኔም እገባለሁ።"

ከእሳቸው ጋር ማን ይከራከራል። ራሳቸው ኮል አደረጉ። ከታች ፎቅ የሚኖሩ፣ ሰው ካላስታረቁ ምግብ የማይስማማቸው አንድ አባት አሉ፤ አንደኛው እሳቸው ሆኑ። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። እሑድ ከጸሎት በኋላ ኮሪደሩ ላይ አራት ሆነን ቆምን። አባት ጋቢያቸውን ከወፍራሙ ጃኬት በላይ ደርበዋል፣ ታክሲ ነጂው ከረባቱን አጥብቋል፣ እማማ ፉርጎዋን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈዋታል። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ በሐፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

የባቡሩ ሰውዬ በሩን ከፍቶ ሲያየን ፊቱ አመድ መሰለ። "ማን ሞተ?" ነው ያለኝ። "ማንም አልሞተም፤ መግባት ይቻላል?" አልኩት። ገባን። "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" አለ። ማንም አልተቀመጠም። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተጠግተው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

"ለምንድን ነው የማይቀመጡት?"

"ይቅር ካላልከን አይቀመጡም" አልኩት። "በእኛ አገር እንደዚያ ነው። ቆመው ነው የሚለምኑት።"

"ምን አድርጋችሁ?"

ይህን ጊዜ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ሰው የሚሳሳት ፍጥረት መሆኑን፣ ጎረቤትነት ከዘመድ እንደማያንስ፣ እማማ ምን ያህል የተከበሩ እናት እንደሆኑ፣ ሁሉን በየተራው ዘረዘሩት። ሲጨርሱ ላብ በላብ ሆኜ ዞር አልኩና፣ "እናታችን ፉርጎዋን በስህተት ዘይት ቀብተዋታል፤ በጣም አዝነዋል" አልኩ። አባት ጎሸም አደረጉኝ። "አንተ፣ እኔ ያን ሁሉ ተናግሬ አንተ ሁለት ቃል? አስተካክለህ ንገረው እንጂ!" ታክሲ ነጂው ሳቁን ለመያዝ ሳል መረጠ።

እማማ ግን ማንንም አልጠበቁም። ወደፊት ራመድ ብለው ነጠላውን ገለጡና ፉርጎዋን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

ተቀበላት። ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ራቁቱን የነበረውን ጎን አየ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ።  ከዚያ ገለበጣትና የሚስቱን ጎን ወደ ብርሃኑ አዞረ። ፊቱን አስጠግቶ አያት።  አባት በአማርኛ "ተቆጣ መሰለኝ" አሉኝ በሹክሹክታ።

አልተቆጣም። የእማማ ዘይት ወደዚያኛውም ጎን ተሻግሮ ኖሯል። እሳቸው ነገር ጀምረው ግማሹን አይተዉም፤ አረንጓዴውንም በጨርቅ ወልውለውታል። በደንብ የደረቀ ቀለምን ደግሞ ዘይት አይጎዳውም፤ የዓመታት አቧራውን ነው የወሰደለት። አረንጓዴው ዝናብ የመታው ቅጠል መስሎ በራ። የቅቤ ቀለሟ መስመር ቁልጭ ብላ ወጣች።

"ይሄን ቀለም ረስቼው ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "አቧራ እንደያዘ አውቅ ነበር። በዚህ እጄ ልጠርግ ብዬ እንዳላበላሸው ፈርቼ፣ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም።" ዓይኑ ሞላ። እኔ ይህን መተርጎም አቃተኝ፤ ግን እማማ ያለ ትርጉም ገባቸው፣ ቀድመው ማልቀስ ጀመሩ።

"አሁን ይቀመጣሉ?" አለኝ።

"ይቅር ብያለሁ ማለት አለብህ። ለሳቸው፣ ፊት ለፊት።"

ወደ እማማ ዞረና በእንግሊዝኛው "ይቅር ብያለሁ" አላቸው። ደግሞ "አመሰግናለሁ" አላቸው። ሁለቱንም ተረጎምኩ፤ በዚህኛው አንድም ቃል አልጎደለብኝም። እማማ ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደንግጦ ክንዳቸውን ያዘ።

አሁን መቀመጥ ቢፈቀድም መቀመጫ የለም። ሰውየው ቤቱን ዙሪያ ገባውን አየ። አባትን ባቡር የሞላው ሶፋ ጥግ ላይ አስጠጋቸው። ታክሲ ነጂው የእኔን ሣጥን ቀማኝ። እማማ ቆመው ቀሩ። ሰውየው ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሽርጧን ከወንበሯ መደገፊያ ላይ አነሳ፤ ለአፍታ እጁ ላይ ይዟት ቆየ፤ ከዚያ አጥፎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣት። ወንበሯን ስቦ በእጁ መዳፍ ጠረገላቸውና፣ "እዚህ" አለ።

እማማ ተቀመጡ። ምንም አያውቁም፤ ወንበር ነው ብለው ነው የተቀመጡት። ይህን ሁሉ ጊዜ ከነታመመ ወገቤ ሣጥን ላይ የከረምኩት እኔ፣ ቀናሁ ብል ይታመናል? ቀናሁ። ግን ቅናቱም ጥሩ ነበር፣ ሆዴን ሞቀኝ። ሰውየው ሻይ አፈላ፤ ኩባያዎቹ አንዱ ከአንዱ አይገጥሙም። አባት ባቡር ስለሚባል ነገር ያላቸውን ሁሉ አስተያየት ሰጡ፤ ይህን ጊዜ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፣ ከመጎሸም ይሻላል ብዬ።

ፉርጎዋም ዳነች። በቲነር ጠረግናት፣ አቆየናት፣ እንደገና ጠረግናት። ሰውየው ዘይቱ ላብ እንደሚመስል፣ ቀስ እያለ እንደሚወጣ ነገረኝ። "ይድረቅ" ባለኝ ቁጥር አንድም ቀን "ደርቋል" አላልኩም። ዘይት ዘይት መሽተቷን ስትተው በጎማላካ አሸግናት፤ ጎማላካ ከሥሩ ያለውን ዘይት ወደ ላይ እንዳይመጣ ይዘጋዋል። አሸሁ፣ ደግሜ አሸግሁ፣ አሸሁ። አረንጓዴውን በስሱ፣ በስሱ አለበስኳት። እማማም ከእኔ ጋር መምጣት ጀምረው ነበር። በዚያች ወንበር ተቀምጠው፣ እጃቸው ሥራ አይፈታምና፣ ጎማዎቹን በጨርቅ ይወለውላሉ። ጨርቁ ደረቅ መሆኑን ግን ሁልጊዜ አያለሁ።

ከመጨረሻው መስኮት በታች አውራ ጣት የምታህል ቦታ ብቻ እምቢ አለች። ዘይቱ እዚያ ጋ ጠልቆ ነው መሰል፣ ቀለሙ ትንሽ ተሸብሽቦ ቀረ። ፍቄ እንደገና ልጀምር ስል ሰውየው ከለከለኝ። "ተወው፤ የማን እንደሆነ ይታወቅ" አለ።

በረዶው ቀልጦ ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ሐዲዱ በጠረጴዛዎች ላይ ዙሪያውን ተዘርግቷል፤ ሕዝቡ በውጭ በኩል ቆሞ ያያል፣ ባቡር ነጂዎቹ መሃል ላይ ውስጥ ይቀመጣሉ። ፉርጎዎቹን ሐዲዱ ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፣ እሱ እያዘዘኝ። ጭራዋ ላይ ስንደርስ ቆም አልኩ። "የቷ ጎን ወደ ሕዝቡ ይሁን?" አልኩት። ባቡሩ ስለሚዞር ወደ ውጭ የዞረው ጎን ሁልጊዜ ለሕዝቡ፣ ወደ ውስጥ የዞረው ሁልጊዜ ለነጂው ነው የሚታየው። የሚስቱን ሥራ ለሰው ማሳየት የሚፈልግ መስሎኝ ነበር።

"ያንተን ለሕዝቡ" አለ። "የእሷ ወደ እኔ ይዙር።"

እማማን አስገብቶ ከጎኑ አስቀመጣቸው። ባለቤቴ እኛን ፎቶ ለማንሳት ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቀረች። ባቡሩ ተነሳ። ከካርቶን ተራራው ሥር ባለው ዋሻ ገብቶ ወጣ፣ ሎኮሞቲቩ አለፈ፣ ፉርጎዎቹ ተከታትለው አለፉ፣ በመጨረሻ ጭራዋ ከነቅቤ መስመሯ ብቅ ስትል እማማ በአማርኛ ለራሳቸው "እህቴ መጣች" አሉ። ዞሮ ሲመለስ ደግሞ "እህቴ መጣች" አሉ።

"ምንድን ነው የሚሉት?" አለኝ ሰውየው፣ ዓይኑን ከሐዲዱ ሳያነሳ።

"ሚስትህን ነው" አልኩት። "እህቴ መጣች ነው የሚሉት።"

 ባቡሩ ተራራውን ዞረ፣ ዋሻው ገባ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የዋሻውን አፍ ይጠብቃሉ። ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ጭራዋ ገና ከጨለማው ብቅ ስትል እሱ ቀድሞ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ "መጣች" አላቸው።